ከመንገዱ ማዶ የተቀመጠ ሽጉጥ

ሰው ሁሉ የሚታጠፍ ሞባይል በሚይዝበት ጊዜ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ቢሮ እሠራ ነበር። የሽጉጥ ደንብ የሚያረቅ ኮሚቴ ተቋቋመና እኔን ቃለ ጉባኤ ያዥ አደረጉኝ። ሰዎቹ ጨዋ ናቸው። ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጡን ልብሱ ሥር ደብቆ ክፍል ይግባ ወይስ አይግባ እያሉ ሙሉ ሰሜስተር ተከራከሩ። ፓርኪንጉ ግቢ ነው ወይስ መንገድ በሚለው ብቻ ሁለት ስብሰባ አለቀ። እኔ እጽፋለሁ። ባሌ እዚያው ዩኒቨርሲቲ የማታ ተማሪ መሆኑን ሁሉም ያውቃሉ፤ ወገቡ ላይ ሽጉጥ እንዳለ ግን ማንም አያውቅም።

ባሌ ታክሲ ነው የሚነዳው። ጓደኛው ሄርንደን ላይ በተሳፋሪ ከተዘረፈና ከተደበደበ በኋላ ፈቃድ አውጥቶ ገዛ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሽጉጥ ከመግዛት ይልቅ ታርጋ ማውጣት ያንገላታል። እኔ ያን ዕቃ እንደ እባብ ነበር የምጠላው። ልጃችን ያለችበት ቤት ውስጥ እንዲያድር አልፈለግሁም። ብለምነው፣ ብጨቀጭቀው፣ ባኮርፈው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

ስለዚህ ኮሚቴው ደንቡን ባጠበቀ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። በመጨረሻ ጸደቀ። ሕንፃ ውስጥ ክልክል፣ ፓርኪንግ ላይም፣ መኪና ውስጥ የተቆለፈ ቢሆንም ክልክል። ባሌ ከሺፍቱ በቀጥታ ነው ክፍል የሚገባው። እንግዲህ ሳይወድ በግዱ ይተወዋል አልኩና ማታ ደንቡን አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ትምህርቱን እንደሚያቆም ነገረኝ።

ጉድ ፈላ! ለዲግሪው አንድ ዓመት ነው የቀረው። ከታክሲ የሚያወጣው ያ ዲግሪ ነበር። ሽጉጥ አስጥላለሁ ብዬ ባሌን ከትምህርት ላስወጣው ነው። ሌላ መላ አልነበረኝም፤ ሽማግሌ ጠራሁ።

አንደኛው ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ናቸው፣ ለጋብቻችን ሽማግሌ የተላኩ። ሌላኛው እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አናንዴል የሚኖሩት ጋሼ ናቸው፣ ባሌ እንደ አባት የሚያያቸው ጡረተኛ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። ጋሼ ከመቀመጣቸው በፊት ለሽምግልና ታጥቀው እንደማይቀመጡ ተናገሩና ከኮታቸው ሥር የራሳቸውን ሽጉጥ አውጥተው ፍሪጁ አናት ላይ አኖሩት። የሲልቨር ስፕሪንጉ ሽማግሌ ሜሪላንድ ውስጥ ይኼ ነገር እንዲህ እንደዋዛ እንደማይፈቀድ አስረዱ። ጋሼም እሳቸው የሚኖሩት አናንዴል እንደሆነ መለሱ። ከዚያ ሁለቱም ዞረው ባሌን ስለ ሽጉጥ ይመክሩት ጀመር።

ግራ ቀኙን ሰምተው ፈረዱ። ባሌ ትምህርቱን ይጨርስ። ክፍል ባለው ቀን ሽጉጡን ከግቢው ውጭ ለጋሼ በአደራ ይስጥ፤ ሲወጣ ይቀበል። ስለ እኔ አቤቱታ አንድም ነገር አልተባለም። በሆዴ ሁለቱንም እየረገምኩ ምሳ አቀረብኩ።

እንደተባለውም ሆነ። ጋሼ ከዩኒቨርሲቲው ማዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ ባለው ዶናት ቤት ፊት መኪናቸውን አቁመው ይጠብቃሉ። ባሌ ያስረክባል፣ ይማራል፣ ይረከባል። ደንቡ አንድም ቀን አልተጣሰም። ከቢሮ ስወጣ ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ አገኛቸዋለሁ፤ ለልጅቷ ብለው የገዙትን ዶናት በመስኮት ያቀብሉኛል። በረዶ ሲጥል እንኳ አልቀሩም። እንዲህ አይልፉ፣ ቢቀርስ ብላቸው፣ ቃል ሰጥቻለሁ ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ ወዲያ ልጠላቸው አልቻልኩም።

ምረቃው ቅዳሜ ዋለ። ባሌ ጠዋት ኤርፖርት ሲሠራ ቆይቶ መጣና ጋውኑን ታክሲው ውስጥ ለበሰ። ለጋሼ ከጎኔ ወንበር ይዤላቸው ነበር። ሰው በመጣ ቁጥር «ተይዟል» እላለሁ። ልጄ በእንግሊዝኛ ማን እንደሚመጣ ደጋግማ ጠየቀችኝ። የባሌ ስም ሲጠራ መድረኩ ላይ ሆኖ በዓይኑ ፈለገን፤ እኔንም ልጁንም አየ፣ ባዶውንም ወንበር አየ። ፈገግታው ጠፋ።

እንዳበቃ ማንንም ሳያቅፍ በጋውኑ መንገዱን ተሻገረ። ልጄን እየጎተትኩ ተከተልኩት። ጋሼ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራባት አስረው፣ መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ምነው ቀሩብኝ?» አላቸው።

«ታዲያ ሽጉጥህን የት ልጣለው? ይዤው አልገባ። መኪና ውስጥ ትቼው ብሄድና ቢሰረቅስ? አደራ እኮ ነው።» ክራባታቸውን አስተካከሉ። «ደግሞ በድምፅ ማጉያው እስከዚህ ይሰማል። ፈረንጆቹ ስም ሲጠሩ ግን የትኛው አንተ እንደሆንክ መለየት አቃተኝ። ስለዚህ ለሁሉም አጨበጨብኩ።»

ባሌ የመኪናውን በር ይዞ አለቀሰ። ጋሼ ደንግጠው ሽጉጡን ሊያስረክቡት ቢዘረጉለት እጁን ሰበሰበ።

«ይሽጡልኝ» አለ።

ከዚያ ዞሮ ከጎናቸው ገባ፤ እኔና ልጄ ከኋላ ተቀመጥን። ፎቶ አንሺው አዳራሹ በር ላይ ይጠብቀን ነበር፣ አልሄድንም። ባሌ ዲፕሎማውን አውጥቶ፣ እዚያው መኪና ውስጥ፣ ስሙን በጣቱ እያሳየ ለጋሼ አነበበላቸው።