እቴጌዋና የእድራችን ጥሩምባ

ዛሬ ጠዋት ጀሞ ካለው የኮንዶሚኒየም ቤቴ በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ ስልኬ ነዘረ፤ ተወልጄ ያደግኩበት የላፍቶ ሰፈር እድር የቴሌግራም ግሩፕ ነበር። «እትዬ አስካለ አርፈዋል፤ ቀብር ዘጠኝ ሰዓት» ይላል፤ ከሥሩ ሰዎች የተጣመሩ እጆች ምስል ደርድረዋል። ልብሱን ባልዲው ውስጥ እንዳለ ትቼ ቁጭ አልኩ። ከማዘኔ በፊት ተናደድኩ፤ የሰፈሩን ሙት ሁሉ በድምፃቸው የሸኙት ሴት በተራቸው እንዲህ ጭጭ ተብሎ መሄዳቸው አንገበገበኝ።

የእድሩ ጥሩምባ ነፊ መጀመሪያ ባላቸው ነበሩ፤ ሰው ሲሞት ማለዳ ተነስተው በየመንገዱ እየነፉ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋሉ። ባላቸው ሲያርፉ እትዬ አስካለ ጥሩምባውን ከግድግዳ አውርደው «እኔ እነፋለሁ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፣ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ተባለ፣ በኋላ ግን ማለዳ ለመነሳት የሚፈልግ ወንድ ስለጠፋ «ሌላ ሰው እስኪገኝ» ብለው ፈቀዱላቸው። በመጀመሪያው ቀን ጥሩምባው እምቢ ብሏቸው በባዶ ድምፃቸው ሲለፍፉ፣ እናቴ በማለዳ የሴት ድምፅ ስትሰማ ወተት ሻጭ መስሏት እኔን ጣሳ አስይዛ ላከችኝ። እትዬ አስካለ ጣሳውንም እኔንም አዩና «ለእናትሽ ጋሽ ደምሴ ሞቱ በያት» አሉኝ። ጣሳውን ከኋላዬ ደብቄ ወደ ቤት ሮጥኩ።

ያን ዓመት ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ለወላጆች ቀን ቲቸር ወርቁ ስለ ቋራዋ እቴጌ ድራማ ጻፈልን፤ ባሏ ንጉሡ ሲሞት ልጇ ገና ሕፃን ስለነበር ራሷ ዘውድ ደፍታ አገር ስላስተዳደረችው፣ ያመፁት ቤተ መንግሥቷን ሲከብቡባትም እጅ ስላልሰጠችው ሴት። ሴት አትገዛም ያሉትን እንዴት እንዳሳፈረቻቸው በሚያምር አማርኛ ጽፎ ሲያበቃ፣ እቴጌዋን ሆኖ የሚሠራው ብሩክ ነው አለን። ብሩክ ድምፁ ቀድሞ የጎረነነ፣ የእናቱን ቀሚስ ለብሶ መድረክ ሲወጣ ጫፉን እየረገጠ የሚደፋ ልጅ ነበር። እኔ ልሥራ ብዬ እጄን ባወጣ፣ ቲቸር «የሴት ልጅ ድምፅ እስከ በሩ አይደርስም፤ ከኋላ ያለ ወላጅ ምን ይሰማል?» አለኝ። እንባዬ መጣ፤ ግን ዋጥ አድርጌ «ከደረሰስ?» አልኩት። ዓርብ ይሞከር አለ። ከባንዲራው ሥር ሆኜ ስናገር የበሩ ዘበኛ ጋሽ ቶላ ከሰሙኝ ዘውዱ የኔ ነው፤ ካልሰሙኝ የብሩክ።

ሰፈሩ ውስጥ ድምፅ ሩቅ ማድረስ የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበርና እትዬ አስካለ ቤት ሄድኩ። እስከ ሐሙስ ድረስ ከትምህርት በኋላ በአሮጌው የድንጋይ ማውጫ ማዶና ማዶ እየቆምን፣ እኔ የእቴጌዋን ቃል «በሩ አይከፈትም!» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እጮሃለሁ፣ እሳቸው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አልተሰማም በሚል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሐሙስ ዕለት ጉድጓዱን ዞረው መጡና እጃቸውን ሆዴ ላይ አደረጉ።

«አትጩኺ የኔ እናት» አሉኝ። «ጩኸት እዚሁ አጠገብሽ ነው የሚወድቀው። እኔ ስም ስጠራ መጨረሻው ቤት ያለውን ሰው ነው የማስበው፣ እሱ ሳይሰማ ወንድሙ እንዳይቀበር። አንቺም ከዚህ አውጪና አድርሺ።»

ዓርብ ተማሪው ሁሉ ተሰልፎ ቲቸር ወርቁ እጁን አጣምሮ ቆመ። ጋሽ ቶላ ለውሃ ቦቴ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ቆሎ ይቆረጥማሉ። የእትዬ አስካለን መጨረሻ ቤት አሰብኩና «በሩ አይከፈትም!» አልኩ። ጋሽ ቶላ ክው ብለው ተነሱና በሩን ቦቴው አፍንጫ ላይ ዘጉት።

ዘውዱ በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ነበር፤ በወላጆች ቀን ግንባሬን ሲያሳክከኝ ዋለ። እትዬ አስካለ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ስጨርስ ጆሯቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉልኝ። እሳቸውም ሌላ ሰው እስኪገኝ ተብለው እስኪያረጁ ድረስ ነፉ።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ በታክሲ ላፍቶ ደረስኩ። የጭቃ ቤቶቹ ፈርሰው በቦታቸው ፎቅ ተሠርቷል። የእትዬ አስካለ ልጅ ከለቅሶ ቤቱ ጥሩምባውን አውጥቶ ሰጠኝ፤ ብነፋው አየር ብቻ ወጣ። መልሼለት መንገዱ መሃል ቆምኩ። ድሮ እዚህ አንድ ስም ሲጠራ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የማትወጣ ሴት አልነበረችም።

«እድርተኞች ስሙ፤ እትዬ አስካለ አርፈዋል፤ ቀብር ዘጠኝ ሰዓት ነው» አልኩ። ማንም የለም። ደገምኩት። ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ተከፍቶ አንዲት ወጣት አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ምንድነው የምትሸጪው?» አለችኝ።

ዛሬ ግን እንደ ጣሳው ቀን ሮጬ አልሸሸሁም። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ፣ ከእሷ አልፌ የመንገዱን ጫፍ እያየሁ ስማቸውን እንደገና ጠራሁ። ድሮ መንገዱ በሰው ይሞላ ነበር፤ ዛሬ የተከፈተው በር አንድ ነው። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ወጡ፤ ቤታቸው የመጨረሻው ነበር።