ማዳም በረሃ ልታድር የተነሳች ቀን

ዓረብ አገር፣ ባዲዓ የሚባል ሰፈር ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ፣ አሠሪዬ ማዳም በብርዱ ወራት ቤተሰቧን ይዛ በረሃ ልታድር ተነሳች። ድንኳኑን፣ የውሃውን ጀሪካን፣ ባትሪውን፣ የቁስል መድኃኒቱን ሁሉ መኪናው ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። በመጨረሻ የራሴን ብርድ ልብስ ሳስገባ ጎትታ አስፋልቱ ላይ ወረወረችው።

«ለጨርቅሽ ቦታ የለም። ያላ፣ ቶሎ መኪናው ውስጥ ግቢ!»

«ማዳም፣ የበረሃ ብርድ እኮ ይገድለኛል።»

«አንቺን ብርድ አይገድልሽም!»

ደሜ ፈላ። ብርድ ልብሴን አንስቼ አቀፍኩና «እንግዲያው አልሄድም» አልኳት። አገርሽ አስጠርዝሻለሁ ብላ ዛተች። ንቅንቅ አልል ስላት ወደ ቤት ገፍትራ አስገባችኝና በሩን ከውጭ ቆልፋብኝ ሄደች። ሳሎኑ መሐል ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ በአማርኛ የልቤን ያህል ሰደብኳት። በማግሥቱ ሲመለሱ ሰላምታዬን አልመለሰችም። እኔም ከዚያ ወዲያ ሰላም ብያት አላውቅም።