የአሥራ አንድ ሰው ጫማ

የተያዝኩት በባዶ እግሬ ነው። ጫማ ነጋዴ በባዶ እግሩ በፖሊስ ሲነዳ ማየት ለመንገደኛው ሳይደንቀው አልቀረም፤ አንዲት ሴት ከባጃጅ አንገቷን አውጥታ እስክንታጠፍ ድረስ አየችን። ከኋላዬ አንድ ፖሊስ የአሥራ አንድ ሰው ጫማ በጆንያ ተሸክሞ ይከተለኛል። የእኔም እዚያው ውስጥ ነው።

እሁድ ከሰዓት ነበር። በቤቴ ተሰብስበን ቃሉን እናነባለን፣ እንጸልያለን፣ ያለውን እንቀማምሳለን። ሕንፃ የለን፣ ደመወዝተኛ ሰባኪ የለን። ደንባችን አንድ ነው፦ ሰው ከስድስት ካለፈ ግማሹ ወጥቶ ሌላ ቤት ይጀምራል። እንሰት እንደ መትከል ነው፤ ከአንድ አምቾ ሥር የፈላው ችግኝ ሁሉ እዚያው ከተተወ ይተናነቃል። ይህን በየመንደሩ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በራሴ ቤት ግን አላደረግሁትም። ቤቴ ሲሞላ ደስ አለኝ። ሱቁ በደንበኛ ሲጨናነቅ ለሁለት የሚከፍል ነጋዴ የት አለ?

ያን ሰሞን ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል ነበር። እኔ ደግሞ አሥራ አንድ ጥንድ ጫማ ደጄ ላይ ደርድሬ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማስታወቂያ ሰቅያለሁ። በሩ ሲደበደብ ሌሎቹ በጓሮ፣ በእንሰቱ ውስጥ ወጡ። በር የሚከፍት ሰው መቅረት ነበረበት፤ ቤቱም የእኔ ነው።

የፖሊስ ጣቢያው ክፍል ሲሚንቶ ነው። ጥግ ላይ ባልዲ አለ፤ የሽንትና የበረኪና ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ውስጥ አንድ ሽማግሌ፣ የመስቃን ገበሬ፣ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኳቸው።

«ወአለይኩም ሰላም። በምን ገባህ?»

«በጸሎት።»

«እኔ በእርሻ ድንበር። የእኔ እንኳ ሽማግሌ ያስታርቀዋል» አሉና ቦታ ለቀቁልኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግቢ ተጠራሁ። መርማሪው ጫማዎቹን በግድግዳው ሥር ደርድሯቸዋል፤ ከእኔ ሱቅ ይልቅ ያምራል።

«ባለቤቶቹን ንገረኝና ውጣ።»

አብዛኛውን የሸጥኩት እኔው ነኝ። ተረከዙ ወደ ውጭ የተበላው የመምህሩ ነው። ማሰሪያው በሲባጎ የተተካው የባጃጅ ሹፌሩ ነው። ከተወለድኩ ጫማ አይቼ እንደማላውቅ ሆኜ ቆምኩ።

«የእኔ ናቸው» አልኩ።

«ሁሉም?»

«ሰልቫጅ ነጋዴ ነኝ ጌታዬ። ደጅ አውጥቼ እያናፈስኳቸው ነበር።»

«ላቡ ያልደረቀ ሰልቫጅ!»

ሳቀ። ቀጥሎ ጥቁር ኮንጎ ጫማ ብድግ አደረገ፤ ማሰሪያው ተበጥሶ በቀይ ፕላስቲክ ተቀጥሏል። ቢላዋ አግዬ የቀጠልኩት እኔ ነኝ፤ ጥቁር ፕላስቲክ አጥቼ ነው ቀይ ያደረግሁት። የጫማዋ ባለቤት ከሟች ባሏ በቀረ እንሰት ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። የባሏ ወንድሞች «ሃይማኖታችንን የለቀቅሽ ቀን መሬታችንንም ትለቂያለሽ» ብለዋታል።

«ይቺን ነገ በገበያው ቀን ጣቢያው በር ላይ እሰቅላታለሁ» አለ። «የሚያውቃት አይጠፋም።»

«እሷማ የራሴ ናት» አልኩ። «ለመጸዳጃ ቤት የማደርጋት።»

ጫማውን አየ፣ እግሬን አየ። ጫማው ሠላሳ ሰባት፣ እግሬ አርባ ሁለት።

«እስቲ አድርጋት።»

ጣቶቼን አጥፌ አስገባሁ። ተረከዜ በኋላ ወጥቶ ቀረ።

«እስከ በሩ ሂድ። ተመለስ። ድገም።»

ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ደገምኩ። የአውራ ጣቴ ጥፍር ሲላቀቅ ይታወቀኛል።

«አያጠብቅም?»

«ሲለመድ ይሰፋል» አልኩት። ለስንቱ ደንበኛ ያልኩትን ውሸት።

አልሳቀም። ሲጋራውን ረግጦ አጠፋና «እንግዲያው እንዳታወልቃት» አለኝ።

አላወለቅሁም። ስድስት ቀን። በር ላይ የተሰቀለ ነገርም አልነበረም። ሽማግሌው ለውዱእ መታጠቢያ ከሚሰጣቸው ውኃ ጥቂት እያስቀሩ፣ ደሙ የደረቀበትን እግሬን ከነጫማው ያጥቡልኝ ነበር።

«የማን እንደሆነ አልጠይቅህም» አሉኝ አንድ ቀን።

«አይጠይቁኝ አባባ።»

«ትንሽ እግር ያለው ሰው ነው» አሉና ውኃውን ጨመሩ።

በዘጠነኛው ቀን አስፈርመው ለቀቁኝ። የሌሎቹ ጫማ እዚያው ቀረ፤ እኔ በሴት ኮንጎ እያነከስኩ አስፋልቱን ተሻገርኩ። ሴትዮዋ ሱቅ መጥታ በፌስታል ጠቅልዬ ስሰጣት፣ አገላብጣ አየችውና «ጋሼ፣ አስፍተውብኛል እኮ» አለች። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ዛሬም እንሰቷ ላይ ናት። እኔ ሱቄን አዛውሬ አሁን ወልቂጤ ነው የምሸጠው። ከስድስት ስናልፍ እንከፈላለን፤ ጫማችንንም በፌስታል ይዘን እንገባለን። ጥፍሬ ጠማማ ሆኖ በቀለ። አንዳንዴ ደንበኛ የጠበበው ጫማ ይለካና «ሲለመድ ይሰፋል አይደል?» ይለኛል።

«አይሰፋም» እለዋለሁ፤ ትልቁን ቁጥር አወርድለታለሁ።