ቃጫ የገባበት ጡብ

ጡብ ሠሪዋ ሰሞኑን መቀመጫ አጥታለች። ነፍሰ ጡር ልጇ እሷ ዘንድ ልትታረስ ነው፤ ዝናቡም ደርሷል። ለአራሷ ክፍል የምታበጃቸው የጭቃ ጡቦች ግን ሲደርቁ ይሰነጠቃሉ። ጭድ ብትጨምርም ያው ሆነባት። ቁጭ ብድግ ስትል ሰነበተችና፣ ከገመድ ገማጅ ባሏ ቃጫ እየሰረቀች ከጭቃው ጋር መርገጥ ጀመረች።

ባልየው የነቃው ክምሩ ከተጋመሰ በኋላ ነው።

"ቃጫዬን ምን በላው?"

"ጭቃው።"

"አበድሽ እንዴ፣ ሴትዮ!"

ተናዶ፣ ቃጫ ገብቶባቸውም ከተሰነጠቁት ጡቦች አንዱን ሰበረው። ቃጫው መሀሉ ላይ ተቋጥሯል።

"እንዲህ ረጅሙን ከተሽው እንዴት አይቋጠር?" አለና፣ እያጉረመረመ ቢላዋ አምጥቶ የተረፈውን በጣት ቁመት ይከታትፈው ገባ። እሷም እየበተነች ረገጠችው።

አጭር ቃጫ የገባባቸው ጡቦች ሳይሰነጠቁ ደረቁ። ግድግዳው ቆመ፤ ልጅቷም ወልዳ ሕፃኑን ታቅፋ ገባች።

ዝናቡ ሲወርድ ጡብ ሠሪዋ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች ስንጥቅ ትፈልግ ጀመር።

"እማዬ፣ በቃ አረፍ በይ፤ ሕፃኑ እንኳ ተኝቷል" አለቻት ልጇ።

"እሺ የኔ ልጅ" አለችና ወደ ሌላኛው ጥግ አለፈች።