ከጋሽ ይመር ጥራጊ የተሠራው ሰው

ዛሬ እዚህ አርባ ምንጭ፣ ጎረቤቴ የተሰነጠቀ ሳፋ በጋለ ቢላ ስትጠግን የቀለጠው ፕላስቲክ ሽታ በመስኮት ገባና፣ የጀመርኩትን ውዳሴ ማርያም አስጥሎ ልጅነቴን ወዳሳለፍኩበት ፓዌ ወሰደኝ።

ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ገበሬዎች ነበሩ። አንዲቷን ላማችንን ቦቃን ገንዲ የሚሉት የቆላ በሽታ ሲገድልብን፣ የተቀደደ ጀሪካን ለሆዷ፣ ያለቀ ነጠላ ጫማ ለጆሮዋ፣ የተበጠሰ የካሴት ክር ለጭራዋ፣ ነጭ የሳህን ስባሪ ለግንባሯ አድርጌ፣ በጋለ ቢላ እያጣበቅሁ ደጃችን ላይ መልሼ አቆምኳት፤ እናቴ በማለዳ ስትወጣ እውነት መስላት «ሂጂ ወዲያ!» ብላ እስክትገፋት ድረስ። ጎረቤታችን ጋሽ ይመር ግን የሞተ ከብት ምስል በሽታውን ወደ በረቴ ይጠራብኛል ብሎ፣ እኛ ቤተ ክርስቲያን ሳለን አቃጠላት። አባቴ ሲጠይቀው «እኔ ምን አውቄ!» አለ፣ ጢሱ ከጋቢው ሳይለቅ።

አላለቀስኩም። ክረምቱን ሙሉ ጋሽ ይመር የጣለውን ስለቅም ከረምኩ፤ ማሽላው እሸት ሲይዝም የተሰባበረ ጃንጥላውን ክንድ፣ ድምፁ የጠፋ ሬዲዮውን ደረት፣ ወንፊት የሆነ ባርኔጣውን ራስ አድርጌ፣ ቀኝ ትከሻውን ልክ እንደ አካሄዱ ዘንበል አድርጌ፣ የዝንጀሮ ማስፈራሪያ ነው ብዬ መንገድ ዳር ማሳችን ውስጥ ተከልኩት። በሰፈራ መንደር የማን ጥራጊ የማን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ገበያተኛው ሁሉ «ጋሽ ይመር፣ እንደምን አደሩ!» እያለ እጅ ይነሳው ጀመር፤ ሸክሟን በዘንግ አንጠልጥላ የምታልፈው ጉሙዟ ወዳጃችንማ ቆም ብላ «ይመር፣ ቆመ ብቻ? ሥራ የለም?» ስትለው መንገዱ በሳቅ አለቀ።

በመጨረሻ ራሱ መጣ። «በእግዜር፣ ይህን ነገር ንቀልልኝ፤ መሳቂያ ሆንኩ እኮ!» ብሎ አባቴን ለመነው። አባቴ «የልጂቱ ነው፤ እሷን ጠይቃት» አለ።

አንገቴን ደፍቼ፣ እንደ ጨዋ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ላሟን ያቃጠልኳት እኔ ነኝ ይበሉና ዛሬውኑ እነቅለዋለሁ» አልኩት።

«የጀሪካን ላም!» ብሎ ምራቁን ጢቅ አድርጎ ሄደ። ማሽላው ታጭዶ ገባ፤ እሱ አላለም፣ እኔም አልነቀልኩም።

ከዚያ ወዲህ ቦቃን ደጋግሜ ሞከርኳት፤ ጀሪካኑ ግን ጀሪካን ሆኖ ቀረ፣ እንደ እናቴ እውነት መስላው የሚገፋት ሰውም አልተገኘም። በቅርቡ ጋሽ ይመር ማረፉን ሰማሁ። እንደ ሥርዓቱ ሻማ አበራሁለት፣ ነፍስ ይማር አልኩ። አቡነ ዘበሰማያት ስደግም ግን የበደሉንን ይቅር እንደምንል የሚለው ላይ ስደርስ ምላሴ ተያዘ። አንዲት ቃል ነበረች ከአፉ የምጠብቃት፤ እሷኑ ይዟት ተቀበረ።