«ሩሲያዋ» ያልናት ሙሽራ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ኳስ ሲያይ እኔ ሶፋው ጥግ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። የሚጫወተው የኡዝቤኪስታን ቡድን ነው። ጨዋታው ሲቀዘቅዝ ጋዜጠኛው ስለ አገሩ ማውራት ጀመረ፤ ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ሪፐብሊኮች አንዷ ነበረች፣ የባሕር በር የላትም፣ ጥጥና ወርቅ ታመርታለች፣ አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም ነው አለ። እጄ ሰፌዱ ላይ ቀረ። ምነው ይህን የመጨረሻውን ነገር ያኔ የሚነግርልን ሰው በተገኘ!

ደርግ ከወደቀ ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ ሰይድ ስለ ጨርቃ ጨርቅ ሊማር ከሄደበት ከኡዝቤኪስታን ዋና ከተማ፣ ከታሽከንት፣ ሚስት ይዞ መጣ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገባ። ሚስቱ ጉልኖራ ትባላለች፤ ስሟን ለመያዝ ግን ማን ይደክማል? ሰፈርተኛው በሙሉ «ሩሲያዋ» አላት። ደሴ ላለችው እናታችን ደግሞ ሩሲያ ማለት ፈጣሪ የለም ባይ ማለት ነው።

«ካፊር ቤቴ አይገባም» አለች።

አገሯ የእስላም አገር ነው ብላት፣ «ሩሲያ ውስጥ ደግሞ መች እስላም ኖሮ ያውቃል? አታሞኙኝ!» አለችኝ። ጉልኖራም ፀጉሯን አትሸፍን፣ ሶላት አትሰግድ፤ ምን ብዬ ልሟገት?

ነሐሴ ላይ፣ ሰይድ ሥራ ስለያዘው፣ እኔው ደሴ ይዣት ወጣሁ። የኮምቦልቻን ሙቀት ትተን ጠመዝማዛውን ስንጨርስ ከተማዋ እንደ ልማዷ ጉም ለብሳለች። ጉልኖራ ለአማቷ የጋገረችውን፣ ጥቁር አዝሙድ የነሰነሰችበትን ክብ ዳቦ በፎጣ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛ ነበር፤ መኪናው በዳቦው ሽታ ታወደ። በተሰባበረ አማርኛዋ ስለ አገሯ አወራችኝ። ተማሪ ሳሉ በመኸር ትምህርት ተዘግቶ ጥጥ ለቀማ ይወሰዱ ነበር። ለዚያ ጥጥ ሲባል ወንዞቹ ተጠልፈው የአባቷ አገር ሐይቅ ሸሽቷል፤ ጀልባዎቹ አሸዋ ላይ ቀርተዋል።

«ውሃ ሄደ፣ ሰው ቀረ» አለችኝ። ሐይቅ እንዴት ይሸሻል ብዬ ማመን አቃተኝ።

እናታችን በሩን አልከፈተችም። ከውስጥ ሳሏ ይሰማናል። ጉልኖራ ዝናብ ላይ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ዳቦውን ደፉ ላይ አስቀምጣ፣ መዳፎቿን ዘርግታ የሆነ ነገር አነበነበችና «አሚን» ብላ ፊቷን አበሰች።

«ምን እያልሽ ነው?» አልኳት ደንግጬ።

«ዱዓ። አያቴ አስተማረችኝ፣ ለቤቱ ነው። እማማ ቢቆጡም ግድ የለም። እኔ እኮ ሙሳፊር ነኝ።»

«ሙሳፊር? ይቺን ማን አስተማረሽ?»

«የእኛ ቋንቋ ነው» አለች።

እኛ ዘንድ ሙሳፊር፣ መንገደኛው ማለት፣ የአላህ እንግዳ ነው፤ ማንም ይሁን ማን ከደጅ አይመለስም። ጉልኖራን ኮምቦልቻ መልሼ በማግስቱ ብቻዬን ወጣሁና ለእናቴ ነገርኳት። «ሙሳፊር አለች? በገዛ አፏ?» እያለች ደጋግማ ጠየቀችኝ። ግን ኩራት ክፉ ነው፤ ኮምቦልቻ ድረስ ወርዳ ልታያት አልቻለችም።

በጥቅምት ጉልኖራ አባቷ ታሞ ወደ አገሯ ሄደች። ከወራት በኋላ እንደማትመለስ ለሰይድ በስልክ ነገረችው። እናታችን ይህን ስትሰማ እህል አልቀምስ አለች፤ «ድምጿን አሰሙኝ» ብላ ያዘችን። ቴሌ ወሰድናት። ወረፋ ጠብቀን መስመሩ ሲገኝ ሰይድ መነጋገሪያውን ጆሮዋ ላይ አደረገላት። እሷም ደጇ ሰው እንደመጣባት ሁሉ ከወንበሩ ብድግ አለች።

«ልጄ፣ እንኳን ደህና መጣሽ» አለች።

ከዚያኛው ጫፍ ለቅሶ ብቻ ተሰማ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

የቅዳሜውን ጨዋታ ማን እንዳሸነፈ ልጄ ነግሮኝ ነበር፤ አልያዝኩትም። እናታችን ካረፈች ቆይታለች፣ ሰይድም ሌላ ሳያገባ አረጀ። እናቴ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ በወሎ ካየኋቸው ሁሉ እንግዳ ወዳድ ነበረች። ምን ያደርጋል፣ እኛ ያወጣንላት ስም ከጉልኖራ ቀድሞ ደጇ ደረሰ።