ጋሼ ታደለ በቢልመር በረንዳዎች ላይ የዘረጉት መረብ

የጋሼ ታደለ ወንድም ከሮተርዳም ደውሎ «ታደለ አረፈ» ሲለኝ «የትኛው ታደለ?» አልኩት። ሁለታችንም የምናውቀው ታደለ አንድ ብቻ ነው።

ቅዳሜ እኮ በሬዲዮ አውርተናል። ሮተርዳም ቤታቸው ላይ አዲስ አንቴና ሊሰቅሉ ነፋሱ እስኪበርድ እየጠበቁ ነበር። ልባቸው ነው አሉ። በተኙበት።

ለማታውቋቸው፦ ጋሼ ታደለ ዴን ሃግ ውስጥ በአንድ ቢሮ የኔትወርክ ባለሙያ ነበሩ። ከሥራ ሲወጡ ግን ዓለማቸው ሬዲዮ ነው። ተፈትነው ፈቃድ ያወጡ የአማተር ሬዲዮ ሰው ነበሩ፤ ለገንዘብ ሳይሆን ለፍቅሩ ብለው በራሳቸው ሬዲዮ ከሩቅ ሰው ጋር የሚያወሩ።

እኔን ያገኙኝ በእናቴ ምክንያት ነው። እማዬ ዳሌዋ ተሰብሮ ቢልመር ሰፈር ካለው ቤታችን መውጣት አቅቷት ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን የተከራየችው አዳራሽ ደግሞ ከመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ሥር ነው፤ ኢንተርኔት የለውም፣ የስልክ ኔትወርክም አይገባበትም። ወንድሞች የእሁዱን አምልኮ እየቀዱ ያመጡላት ነበር። አንድ ቀን ጋሼ ታደለ ሊጠይቋት መጥተው ሳለ ቅጂውን አጠፋችውና «ያለፈውን እሁድ ዛሬ እየሰማሁ አሜን የምለው ለማን ነው?» አለች።

ጋሼ ተነስተው በመስኮቱ ወደ አዳራሹ አቅጣጫ ብዙ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ቤት ውስጥ አሮጌ ራውተር እንዳለ ጠየቁኝ።

ነበረ። የኢንተርኔት ድርጅት ስንቀይር ቤርጊንግ በሚሉት የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ፣ ከአሮጌ ዕቃ ጋር የወረወርኩት። የቀሩትን ሰው ከጣለው መሃልና ክሪንግሎፕ ከሚባለው ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ለቀሙ። አዲስ እንግዛ ስላቸው ሳቁብኝ። መጀመሪያ በተጣለው እንልመድ፣ ብናበላሽም የምናበላሸው የተበላሸ ነው አሉኝ።

ጋሼ ከእማዬ የምግብ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠው የራውተሮቹን ሶፍትዌር ቀየሩ። ሳጥኖቹ በሬዲዮ እየተሰማሙ፣ አንዱ የሰማውን ለሌላው እንዲያቀብል አደረጓቸው። መሃል ላይ የኢንተርኔት ድርጅት የለም። ሜሽ የሚባለው ይኼ ነው። አንቴናውን ከብስኩት ቆርቆሮ ሠራነው፤ ዝናብ እንዳይገባባቸው ሳጥኖቹን ምሳ ዕቃ ውስጥ ከተትናቸው። ፈቃዳቸው ከፍ ባለ ኃይል ማስተላለፍ ያስችላቸው ነበር። ግን አምልኮ በአማተር ፈቃድ አይተላለፍም ብለው፣ ለማንም ሰው በተፈቀደው ኃይል ብቻ ሠሩ። በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። በቤታችንና በአዳራሹ መካከል አንድ ትልቅ ፍላት፣ ባለ ብዙ ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ፣ ተገትሯል፤ ሬዲዮው ያንን ሁሉ ኮንክሪት አልፎ መሄድ አቃተው። እኔ በበኩሌ ተስፋ ቆርጬ ነበር። በኋላ ከአፋቸው የማትጠፋውን አባባል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«እርስ በርስ ካልተያየን፣ ሁለታችንንም የሚያየንን እንፈልጋ።»

ፈለግን። አንገታችን እስኪያመን ሽቅብ በረንዳ እያየን ዞርን። ቤታችንንም አዳራሹንም የሚያየው በረንዳ የአንዲት ሱሪናማዊት አዛውንት ሆኖ ተገኘ። ጋሼ ሳጥኑን ታቅፈው ደወሉን ደወሉ። ማዶ ያለች አንዲት እናት ከቤተ ክርስቲያኗ ጋር መጸለይ እንደምትፈልግ በደች ቋንቋ አስረዷቸው። ሜፍራው (በደች «ወይዘሮ» እንደ ማለት ነው፤ እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው የምንጠራቸው) ሳጥኑን ገልበጥ አድርገው አዩትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ከሴትዮዋ ጋር እንድናስተዋውቃቸው።

እሁድ ጠዋት እማዬ ለአምልኮ የምትለብሰውን ቀሚስ ለበሰች። ጫማዬን አድርጊልኝ አለችኝ።

«የት ልትሄጂ?» አልኳት።

«ቤተ ክርስቲያን ነዋ።»

ከላፕቶፑ መጀመሪያ እሽሽ የሚል ድምፅ መጣ። ቀጥሎ ወንበር ሲጎተት። ቀጥሎ መዝሙር። ያለፈው ሳምንት አይደለም፣ የዚያው ሰዓት መዝሙር! ከዚያ ጋሼ አዳራሹ ውስጥ ማይክሮፎኑን ይዘው «እማማ ወርቄ፣ ይሰማዎታል?» አሉ።

እማዬ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ይሰማኛል ልጄ። እናንተስ ትሰሙኛላችሁ?»

እልልታው የላፕቶፑን ድምፅ ማጉያ አንቀጠቀጠው። እማዬ ቀጥላ ለጉባኤው ጸለየች። መቆም ያቃታት ሴት አዳራሽ ሙሉ ሰው አስነሳች።

ጋሼ ከአምልኮ በኋላ ቤታችን ሲመጡ፣ ጎል እንዳገባ ተጫዋች ከበር ጀምሮ ሁለት እጃቸውን ሽቅብ ዘርግተው ነበር የገቡት።

ከዚያ ማን ያቁማቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ማስተማር ጀመሩ፤ መግቢያው የተጣለ ራውተር ይዞ መምጣት ነው። ስኪፖል አየር ማረፊያ የሚሠሩትም፣ ማስተርስ የሚማሩትም መጡ። ከቤት መውጣት ያቃታቸው ሌሎች እናቶችና አባቶች በየፍላታቸው እየተያያዙ መረቡ ውስጥ ገቡ። ሜፍራውና እማዬማ፣ በምን ቋንቋ እንደሚግባቡ እግዜር ይወቅ፣ ሳይገናኙ የሚውሉበት ቀን የለም።

እኔም ቀኑን ሙሉ አረጋውያን ስንከባከብ የምውል፣ ስለ ኤሌክትሪክ ማብራትና ማጥፋት ብቻ የማውቅ ሴት፣ የጀማሪዎቹን የሬዲዮ ፈተና በደች ተፈትኜ አለፍኩ። የጥሪ ስሜ የደረሰኝ ቀን መጀመሪያ በሬዲዮ የጠራኝ የጋሼ ድምፅ ነው። ከመለስኩላቸው በኋላም ደጋግመው ጠሩት። የሚነግሩኝ ነገር ኖሯቸው አልነበረም፤ ደስ ብሏቸው ነው።

ዛሬ ለእማዬ ስነግራት ሜፍራው አጠገቧ ተቀምጠው እጇን ይዘው ነበር። ከዚያ የፊታችን እሁድ ማይክሮፎኑ ለእሷ እንዲሰጣት እንድናገር አዘዘችኝ።

«ለቅሶውን እናንተ አልቅሱ» አለች። «ምስጋናውን ለእኔ ተዉልኝ።»

ጋሼ፣ ከሰዓት በኋላ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ፈተሽኳቸው። ሁሉም ይሠራሉ። ሁሉም ይቀባበላሉ። አንድም የተቋረጠ ቤት የለም። ነፋሱ ሲበርድ አንቴናዎን ሮተርዳም ድረስ ሄደን እንሰቅለዋለን፤ ተነጋግረን ጨርሰናል።

የሬዲዮ ሰዎች ሲሰነባበቱ «ሰባ ሦስት» ይባባላሉ፤ መልካሙን ሁሉ ተመኘሁልህ ማለት ነው። ሁልጊዜ የሚቀድሙኝ እርስዎ ነበሩ። ዛሬ እኔ ልቅደም።

ሰባ ሦስት፣ ጋሼ። በደህና ይግቡ።